ጠርሙሱ ከክፍሌ አይወጣም

ጊንጧ ግቢያችን የገባችው በከሰል ማዳበሪያ ነው። ሦስት ተከራዮች ነን፤ አንድ ማዳበሪያ ከሰል በጋራ እናስመጣና በረንዳው ላይ ዘርግፈን እንካፈላለን። የዚያን ዕለት ጎረቤቴ ማዳበሪያውን በቂጡ ይዛ ስታራግፈው፣ ከደቃቁ ጋር የመሃል ጣት የምታህል ጊንጥ ዱብ አለች። ከሰሉ የመጣው ከቆላ ነው፤ ላፍቶ ብርድ ነው፣ ጊንጥ አያውቅም። ጀርባዋ ላይ የሆነ ነገር ተነባብሮ ይርመሰመሳል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ልጆቿ ናቸው።

«ቆይ፣ በመጥረጊያ ባልዲ ውስጥ እናስገባት» አልኩ።

«አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ» አለች ጎረቤቴ፣ ዓይኗን ከጊንጧ ሳታነሳ። «ጊንጥ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ልጅ ያለው ሰው ነው።»

አከራያችን ከሳሎኗ በር ላይ ሆና «አቃጥሏት!» ብላ ጮኸች። ነጭ ጋዝ ፈሰሰ፣ ክብሪት ተጫረ። ጊንጧ ጅራቷን አንስታ እሳቱን ለመንደፍ ሞከረች። ልጆቿ ከጀርባዋ ሲረግፉ አየሁ። ጎረቤቴ እሳቱ ሲበርድ ከሰሉን ሦስት ቦታ ከፈለችና የእኔን ድርሻ በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

ከሰሌን ተሸክሜ ክፍሌ ስገባ፣ ከነጠላ ጫማዬ ጎን የገብስ ፍሬ የምታህል ነገር ስትሄድ አየሁ። ጅራት ነበራት። የሻይ ብርጭቆ ደፋሁባት። በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ «አሳዘነችኝ» እል ነበር። ውሸት ነው። እልህ ነው የያዘኝ። በዚያ ግቢ ዘጠኝ ዓመት ስኖር «አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ» የሚለውን በስንት ዓይነት አነጋገር ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን በቃኝ። እነሱ የማይወዱት፣ እነሱ ሊገድሉት የሚፈልጉት አንድ ነገር በክፍሌ ውስጥ እንዲኖር ፈለግሁ። አሳቤ ይኸው ነበር፤ ላሳምረው አልችልም።

መጽሐፍ የማነበው ሊቅ ሆኜ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ቤት እሠራ ነበር። ስቀጠር ወረቀት አቀረቡልኝ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ቀብተው አስፈረሙኝ፤ ምን እንዳለበት ማንም አላነበበልኝም። ሦስት ዓመት እዚያ ቤት ከቆየሁ በኋላ፣ ልወጣ ስል «ፈርመሻል እኮ» አሉኝ። ምን እንደፈረምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ ማንበብ ስጀምር እንደ ሌላው ሰው ለፈተና አልነበረም። አሁን ጋርመንት አካባቢ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው እጅ የሳተውን ስፌት እፈልጋለሁ። በሥራ ቦታም አይወዱኝም።

ጊንጧን ግን አበላሽቼ ነው የጀመርኩት። አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ጠርሙስ አጠብኩ፣ ክዳኑን በምስማር በሳሳሁ፣ አሸዋ በከሰል ምድጃ ላይ ቆልቼ አቀዘቀዝኩና ጨመርኩ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ትጠማለች ብዬ እርጥብ ጥጥ አስገባሁላት፤ በአራተኛው ቀን ጥጡ ሻጋታ አወጣ። ትራባለች ብዬ በረሮ ሰጠኋት፤ በረሮው እሷን ሁለት እጥፍ ያክል ነበር። መደበቂያ ብዬ ካስገባሁላት የዛፍ ቅርፊት ሥር ገብታ ሁለት ቀን አልወጣችም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ማየት አለመተዌ ነው። ከሥራ ስገባ ቅርፊቱን አነሳለሁ፣ ስተኛ አነሳለሁ፣ ስነሳ አነሳለሁ። ከስልኬ ላይ ያገኘሁት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ መዝገበ ቃላት ዘርግቼ አንዱን ገጽ በሁለት ምሽት የጨረስኩት ጽሑፍ ቁም ነገሩ አንድ ነበር፦ ተዋት። አንድ የጠርሙስ ቆርኪ ውሃ፣ ከራስዋ ያነሰ ትንሽ ነፍሳት በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ ሙቀት፣ ጨለማ፣ ከዚያ ተዋት።

ተውኳት። ለሙቀቱ የውሃ ፕላስቲክ ፍል ውሃ ሞልቼ በወንድ ካልሲ አልብሼ ከጠርሙሱ ጎን አስቀምጣለሁ። ደብተር ያዝኩላት፦ ቀን፣ ምን በላች፣ ውሃው ተቀየረ፣ የት ተቀመጠች። ጅራቷ ወፍራም፣ መቆንጠጫዎቿ ቀጫጭን ናቸው፤ እንዲህ ያለችው መርዟ እንደሚከፋ ካነበብኩ ወዲህ ያለ ረጅም ወረንጦ እጄን ወደ ጠርሙሱ አላስገባም። ትንሽ ናት ብዬ አልተታለልኩም። እሷም አልለመደችኝም። ወረንጦውን ባየች ቁጥር ጅራቷን ታነሳለች። ይሄ ጠባይዋ ተመቸኝ፤ ቢያንስ አታስመስልም።

ሁለት ወር ማንም አላወቀም። ከዚያ ጎረቤቴ ሳፋዋን ፍለጋ ሳታንኳኳ ገባች። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ፣ በመጻሕፍቶቼ መሃል ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጊንጥ።»

«የምን ጊንጥ?»

«የዚያች ያቃጠልሻት ልጅ።»

ሁለተኛውን መልስ መተው እችል ነበር። አልተውኩም። ግቢው መሃል ወጥታ እስከ አስፋልቱ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች። «ኑ እዩልኝ! ፕሮፌሰሯ ጊንጥ ታረባለች! ልጄ በዳዴ በምትሄድበት ግቢ!»

ልጅ አላት፤ የአሥር ወር ሴት ልጅ። ከእኔ በር እስከ እሷ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ይህን የማውቀው ከዚያ በኋላ ስለለካሁት ነው፤ በፊት መለካት ነበረብኝ።

አከራዬ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቆማ አንገቷን አስገብታ አየችና «እህቴ፣ ዘጠኝ ዓመት ድምፅሽን ሰምቼ አላውቅም። ለካ ዝም ያለ ሰው ይሄን ነው የሚያስበው!» አለች።

«ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ እትዬ።»

«የአንቺስ ጭንቅላት ክዳን?»

ጎረቤቴ ሳቀች። ሳፋዋን ይዛ ሄደች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች ተላኩብኝ። ለባልና ሚስት፣ ለድንበር ጠብ ሽማግሌ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ለጊንጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ናቸው። አንደኛው የአከራዬ ባል አጎት፣ ላፍቶ ማሳ ሳለ እዚሁ ተወልደው ያረሱ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ፣ ዛሬም ከኮታቸው ኪስ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ። ሁለቱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ መቀመጫ የለኝም። አከራዬና ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ» አሉ አራሹ ሽማግሌ፣ ጠርሙሱን በሩቁ እያዩ፣ «አሁን አንቺ የተኛሽበት ቦታ ላይ እኔ ገብስ አጭጄበታለሁ። ጅብ አይቻለሁ፣ ጃርት አይቻለሁ። ጊንጥ ግን በስተርጅና አንቺ ቤት አሳየሽኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አባቴ።»

«ብቸኝነት ከሆነ ድመት አሳድጊ እንጂ።»

«ድመት ግቢውን ሁሉ ትዞራለች፣ የሰው ወጥ ትገለብጣለች። ይቺ ጠርሙስ ውስጥ ናት።»

ጡረተኛው ሳቃቸውን በመሐረብ ያዙ። «ክርክሩስ ክርክር ነው!»

«እኔ ልጅ አለኝ!» አለች ጎረቤቴ። «እናንተ ትስቃላችሁ። ልጄን አንድ ነገር ቢነካት ማን ነው የሚጠየቀው? እሷ? መጽሐፏ?»

ሳቁ ቆመ። እውነቷን ነበር፤ እውነቷን መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ብዙ ተባለ። መጨረሻው ላይ ጡረተኛው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። «ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ነገ ደግሞ እዚሁ ነን። ውል ይጻፍ። ጽሕፈትሽ ያምራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንቺው ጻፊው።»

ጻፍኩ። እሳቸው ያሉት ሦስት ነገር ነው። ጠርሙሱ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ከእኔ አንገት አይለይ፤ ጊንጧ ከጠርሙሱ ካመለጠች በዚያው ቀን ክፍሉን ልልቀቅ። እኔ ደግሞ «ማንም ሰው ያለ ፈቃዴ ክፍሌ አይገባም፣ በጊንጧም ላይ ጉዳት አያደርስም» የሚል ጨመርኩ። ጎረቤቴ አጉረመረመች፤ አለፈ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ወረቀቱን ደግሜ ሳነበው ቀዳዳ ታየኝ፦ ጠርሙሱን ይዤ ግቢው ውስጥ ብንቀሳቀስስ? ብወድቅስ? ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አላሰበውም። ቀዳዳ ያለው ስፌት ግን በእጄ አያልፍም። አምስተኛ አድርጌ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጠርሙሱ በምንም ምክንያት ከክፍሌ አይወጣም። ይህን ካፈረስኩ ክፍሉን በሠላሳ ቀን ውስጥ እለቃለሁ።»

ጡረተኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ይሄ አልበዛም?»

«አልበዛም።»

ኩራት ነበር። በሰው ፊት፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ ከተጠየቅሁት በላይ ስሰጥ ደስ አለኝ። ሁሉም ፈረሙ። አራሹ ሽማግሌ ጣት ነው የሚያስቀምጡት፤ ቀለሙ ሲመጣላቸው «ቆዩ፣ አባቴ» አልኳቸውና አምስቱንም ነጥብ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ትዕግሥታቸው አልቆ «ገባኝ እኮ፣ ልጄ» እስኪሉ ድረስ።

ጊንጧ ከብርጭቆው ሥር ከተያዘች ጀምሮ በልታ የማታውቀውን ያህል በሐምሌ በላች። ነሐሴ ሲገባ አቆመች። በመጀመሪያው ሳምንት በረሮውን ዞር ብላም አላየችው። አከራዬ ልብስ ሳሰጣ አየችኝና «ጊንጥሽ እንዴት ናት?» አለችኝ፤ ስለ ጊንጧ በደህና ጠይቃኝ አታውቅም።

«መብላት ትታለች።»

«ውይ፣ እሷም ፍልሰታን ይዛለች! ካንቺ ትሻላለች በይኛ። አንቺ እንኳ ባለፈው ዓርብ እንቁላል ስትጠብሺ ሸቶኛል።» ከዚያ ጎረቤቴን ጠርታ ነገረቻት፤ ለሁለት ቀን የግቢው ጨዋታ እሱ ሆነ። እንቁላሉን የጠበስኩት አሞኝ ነው፤ አላስረዳሁም።

እኔም ከእነሱ ያነሰ ጅል አልነበርኩም። ሆዷ ባዶ ነው ብዬ አንድ በረሮ ስትንቅ ሌላ ጨመርኩ፤ ሦስት አደረስኳቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በእጅ መብራት ሳያት ግን ባዶ አልነበረችም። ሆዷ ተነፍቷል፣ በቀለበቶቿ መሃል ያለው ስስ ቆዳ ተወጥሯል፣ ቀለሟ አቧራ የጠጣ ይመስላል። ወደ ጽሑፉ ተመለስኩ። ያን ገጽ አንብቤው ነበር፤ ለእኔ የማይደርስ ነገር አድርጌ አልፌው እንጂ። ቆዳዋን ልትለውጥ ነው። የድሮውን ቆዳዋን አውልቃ ስትወጣ ለሰዓታት እንደ ሊጥ ለስላሳ ናት፤ በዚያን ጊዜ በረሮ እንኳ ሊበላት ይችላል። ጠርሙሷም መነቅነቅ የለበትም፤ ከተነቀነቀ በመሃል ተጣብቃ ትቀራለች። ሦስቱን በረሮዎች በወረንጦ አንድ በአንድ አወጣሁ። ሳጥኑን ዘጋሁ። አልነካትም ብዬ ማልኩ።

በማግስቱ ዓርብ ነው። አከራዬ ግቢው መሃል ቆማ አወጀች። «ነገ ጠዋት የትኋን መድኃኒት ረጪው ይመጣል። ሁሉም ክፍል ይረጫል። ማንም እስከ ማታ አይገባም። የሚበላና የሚጠጣ ነገር አውጡ።»

ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። «እትዬ፣ ሦስት ቀን ያቆዩልኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

ነገርኳት። ጠርሙሱ ከተነሳ ትሞታለች፤ እዚያው ከቀረች መድኃኒቱ ይገድላታል።

ከውስጥ ጎረቤቴ ወጣች፤ ልጇን ታቅፋለች። የልጇን ልብስ እስከ አንገቷ ገለበችው። «እዪ» አለችኝ። «እዪ እንጂ! ሁሉን የምታዪ አንቺ አይደለሽ?»

አየሁ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ቀይ ነው። ትኋኑ በተርታ ነክሷታል፣ ስታክ ያቆሰለችውም አለ። ልጅቷ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ረጪውን ስንት ቀን ለምነን ነው የመጣልን» አለች አከራዬ። «ለጊንጥ ብዬ ልመልሰው?»

የእኔን ክፍል ብቻ ተዉት ማለት አልችልም፤ ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ከአንዱ ክፍል የተረፈ ትኋን በሳምንት ሁሉም ጋ ይደርሳል። ይህን እኔም አውቃለሁ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ፈቃድ መጠየቅ እችል ነበር። «ለነገ ብቻ ጠርሙሱን ላውጣው፣ ውሉ ላይ ይጨመር» ብል፣ ምናልባት ፈቅደው ነበር። ግን ያንን ለመጠየቅ ጎረቤቴም መፈረም ነበረባት። ያን ፊቷን ይዛ፣ የልጇን ገላ ካሳየችኝ በኋላ፣ ስለ ጊንጥ ልለምናት? ከንፈሬ አልታዘዘኝም። ቢያስቡት ቀላል ነገር ነው፤ ግን ያን ዕለት ክፍሉን ማጣት ቀለለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ሳጥኑን ስከፍት ተንጋዳ ተኝታለች። ከፊቷ በኩል፣ ከመቆንጠጫዎቿ በላይ፣ እንደ ጥፍር ጫፍ የነጣ ስንጥቅ አለ። ጀምራለች። ከዚህ የከፋ ሰዓት ሊመጣ አይችልም ነበር። የመድኃኒት ረጪው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ከመጀመሪያው ክፍል ገብቷል፤ ሽታው መጣ። ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን ለጠፍኩ፣ በካልሲ ያለውን ፍል ውሃ ከጎኑ አደረግሁ፣ ሁለቱንም በነጠላዬ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ግቢው ውስጥ አከራዬ አለች፣ ጎረቤቴ ከነልጇ አለች። በመሃላቸው አለፍኩ። ጎረቤቴ ነጠላዬን አየች፣ ፊቴን አየች። ገብቷታል።

ታክሲ አልያዝኩም። በዚያ መንገድ ታክሲ ውስጥ ሰውም ይነቀነቃል። ከላፍቶ እስከ ጋርመንት፣ እስከ ሥራ ቦታዬ፣ በእግሬ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው። እግሬን እየጎተትኩ፣ ጉልበቴን ሳላነሳ፣ ወገቤን ሳላዞር። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «እናት፣ ግቢ! ምን ይዘሽ ነው እንደ ሙሽራ የምትሄጂው?» አለኝ። እርምጃዬን ሳልለውጥ አለፍኩት። «ተቆጣች!» ብሎ ለሾፌሩ ነገረው።

መንገድ አጋምሼ ሳለ አንዲት አሮጊት፣ ከቅዳሴ የወጡ መሆን አለባቸው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ከፊቴ ቆሙ። ጠርሙሱን፣ አያያዜን አይተው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«የየትኛው ጸበል ነው፣ ልጄ?»

በፍልሰታ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ጠርሙስ በሁለት እጇ የያዘች ሴት ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች?

«ጸበል አይደለም፣ እማማ።»

«ጉልበቴን አሞኛል። ጠብታ ብቻ እዚህ አድርጊልኝ።» መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እውነቴን ነው፣ ጸበል አይደለም።»

«ጸበል ይነፈጋል?» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ለማን ልታደርጊው ነው? ለራስሽ ብቻ? ሂጂ እሺ፣ ይሁንልሽ!» ሰው ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ጎረምሳ «ስጫቸው እንጂ፣ ሼም አይዝሽም?» አለ። ልገልጠው አልችልም፣ ልሮጥ አልችልም። ያቺን ቆዳዋን በመለወጥ ላይ ያለች ነገር ደረቴ ላይ ይዤ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ዓይን ሥር፣ በዚያው ፍጥነት እየተንሸራተትኩ አለፍኳቸው። ከኋላዬ እስክርቅ ድረስ ሲረግሙኝ እሰማ ነበር። አልፈርድባቸውም። ግን አልረሳሁትም።

ድርጅቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ ስደርስ ሠራተኛው እየወጣ ነበር። ዘበኛው «ዛሬ ደግሞ የማንን ስህተት ረስተሽ መጣሽ?» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ወደ ምርመራ ክፍሉ ገባሁ። እዚያ የጨርቅ ቀለም የምናመሳክርበት ሳጥን አለ፤ ውስጡ ግራጫ ነው፣ አራት ዓይነት መብራት አለው። ከአራቱ አንዱ ሐምራዊ ነው፤ በፀሐይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ነጭ ጨርቆች እሱ ሥር ይለያያሉ። ጠርሙሱን እዚያ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ነጠላውን ገለጥኩ። በተራ መብራት የሚታየኝ ቅርፊትና አሸዋ ብቻ ነው። ጊንጥ በሐምራዊ መብራት እንደሚያበራ አንብቤ ነበር፤ ብርሃኑ እንዳይጎዳት እስከ አሥር ብቻ ልቆጥር ወስኜ ማብሪያውን ተጫንኩ።

አሸዋው ላይ ጊንጥ አበራች። አረንጓዴ፣ ጥርት ያለች፣ እስከ ጅራቷ ጫፍ። አትንቀሳቀስም። ጭንቅላቷ ተከፍቷል፣ ውስጧ ባዶ ነው። ሞተች አልኩ፤ አራት፣ አምስት ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ከጎኗ የጠቆረ ነገር ተንቀሳቀሰ። የሚያበራው ቆዳው ነው። እሷ ገና ስላልጠነከረች አታበራም፤ ጥላ ትመስላለች፣ ከሚያበራው ልብሷ ጎን የተኛች ጥላ። ወጥታለች። ከቀኝ መቆንጠጫዋ በቀር ሁለንተናዋ ወጥቷል። እሱ ግን በድሮው ቆዳ ውስጥ ተጠምዶ ቀርቷል።

አሥር ስል አጠፋሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልረዳት አልችልም፤ በወረንጦ ብነካት ትቀደዳለች። መንገድ ላይ ነው የተበላሸው፤ የቱ እርምጃ ላይ እንደሆነ ለማወቅ መንገዱን በአእምሮዬ ወደ ኋላ ሄድኩት። አሮጊቷ ፊቴ ሲቆሙ ድንገት ቆሜያለሁ። እዚያ ይሆናል። አከራዬን፣ ጎረቤቴን፣ መድኃኒት ረጪውን፣ አሮጊቷን፣ ጎረምሳውን በተራ ጠላሁ። ከዚያ ተራው ደረሰኝና፣ ዓርብ ዕለት ፈቃድ ለመጠየቅ አንድ ቃል ያልወጣኝን ራሴን ጠላሁ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በእጅ መብራት አየኋት፤ ጎትታ አውጥታዋለች። መቆንጠጫው ግን ጣቱ ወደ ውጭ ታጥፎ ቀርቷል፤ አይዘጋም። እንዲያው ይደርቃል።

ጀንበር ስትጠልቅ ተመለስኩ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ያለ ጥሪ መጡ፤ ማን እንደላካቸው አልጠየቅሁም። ግቢው የመድኃኒት ሽታው አልለቀቀም፣ በረንዳው ላይ ነው የተቀመጥነው። ጡረተኛው ውሉን ከኮታቸው ኪስ፣ ከፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ አወጡት።

«አምስተኛው ነጥብ» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄን እኔ አላልኩም። ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም ያልጠየቀው ነገር ማንንም አልጎዳም። ጊንጧ አላመለጠችም፣ ልጅቷም ደህና ናት። በዚህ እንለፈው።»

አራሹ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። አከራዬ ነጠላዋን ትጎነጉናለች። «እኔስ ምን አስቀየመችኝ» አለች። «ጠባይዋ እንደሆነ ለመድነው። ትቀመጥ።»

«ትውጣ» አለች ጎረቤቴ። «ራሷ አይደለች የጻፈችው? በሌላው ሰው ሲሆን አንድ ክር አታሳልፍም። እኔ ያለ ፈቃዷ እንዳልገባ ፈርሜያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ደፏን ረግጫለሁ? ትውጣ!»

አልረገጠችም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልረገጠችም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእሷ ጋር የተስማማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ልክ ናት» አልኩ። «በሠላሳ ቀን እለቃለሁ።»

«ኧረ በማርያም!» አለች አከራዬ። «እኔ የቤቱ ባለቤት ትቀመጥ እያልኩ?»

«ፈርሜያለሁ፣ እትዬ። አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

አራሹ ሽማግሌ ጣታቸው ያረፈበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ አዩ፣ እኔን አዩ። ጡረተኛው ወረቀቱን አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ።

ሀና ማርያም ጀርባ አነስ ያለች ክፍል አገኘሁ። አከራዩ «ምን ምን ዕቃ አለሽ?» ሲለኝ «መጻሕፍትና ጊንጥ» አልኩት፤ የሳቀው ቀልድ መስሎት ነው፤ ጠርሙሱን አሳይቼው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ግቢው ውስጥ ልጅ የለም። ያን ጠይቄ ነው የገባሁት፤ ይሄኛውን አስቀድሜ።

በለቀቅሁ ዕለት ጎረቤቴ ፍራሼን በአንድ ጫፍ ይዛ እስከ ጋሪው አደረሰችው። አልጠየቅኋትም። «ከነጊንጥሽ ሂጂ» አለችኝ፣ ፍራሹን ስትጥለው። ልጇ ጀርባዋ ላይ ታዝላ ተኝታለች፤ አንገቷ ላይ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው።

ጊንጧ አዲሱ ክፍል ከገባን በስድስተኛው ቀን በላች። ትንሽ በረሮ በወረንጦ አቀረብኩላት። በግራው መቆንጠጫ ያዘችው፤ በቀኙ ልትይዘው ሞክራ አልዘጋላትም፣ ሁለቴ ሞክራ ተወችው። ከዚያ በረሮውን ሳትለቅ ወረንጦውን ነደፈችው፤ ንዝረቱ እስከ ጣቴ ተሰማኝ። ሁለት ጊዜ፣ በሙሉ ኃይሏ። ወረንጦውን አወጣሁ፣ መብላት ስትጀምር ክዳኑን ገጠምኩ፣ ደብተሩን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩና ከሥሩ «በልታለች። አንድ እጇ አይሠራም። ትናደፋለች።» ብዬ ዘጋሁት።